እንግዳን አገር ስለ ማስጎብኘት
(ገላጭ ድርሰትና የቦዝ አንቀጽ አገባብ)

ተማሪዎች፣ ከሩቅ አገር እንግዳ ሲመጣባችሁ ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር የሚጨነቁት ወላጆቻችሁ ናቸው። ለእናንተ የሚቀርላችሁ ሥራ ግን አለ፤ ይኸውም እንግዳውን ቀን ቀን እያዞራችሁ አገሩን ማሳየት ነው። በዚህ ጊዜ ከብዙ ተማሪዎች አፍ የሚወጣው ቃል «እኛ አገር ምን የሚታይ ነገር አለ?» የሚል ነው። ይህን የሚለው ተማሪ አገሩን ንቆ ላይሆን ይችላል። ዘወትር የሚያየውን ነገር ዓይኑ ስለ ለመደው እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለ አካባቢያችሁ ድርሰት ጻፉ ስትባሉ እርሳሳችሁን ይዛችሁ ጣሪያ ጣሪያ የምታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሁለቱን ሥራዎች፣ ማስጎብኘትንና መግለጽን፣ አንድ ላይ እንመለከታለን።

ማስጎብኘት ዋና መተዳደሪያቸው የሆነ አገሮች አሉ። በካሪብያን ባሕር ላይ ያሉትን ደሴቶች፣ እነ ጃማይካን፣ እነ ባርባዶስን ብንወስድ፣ ከገቢያቸው ትልቅ ድርሻ የሚያገኙት አሸዋማ የባሕር ዳርቻቸውን ለማየት ከሚመጣው ጎብኚ ነው። በእነዚያ ደሴቶች ወዳጁን ለሚያስጎበኝ ሰው ሥራው የቀለለ ይመስላል፤ ባሕሩን በእጁ ያመለክታል፣ እንግዳውም ይገባበታል። ዱራሜ ግን ባሕር የላትም። ኢትዮጵያም ብትሆን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ሩቅ አገር የሚያመጣው አሸዋ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ በቅርብ አለላችሁ። ከዱራሜ ተነሥታችሁ በሐላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ ሻሸመኔን ታልፋላችሁ። በሻሸመኔ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪብያን ደሴቶች መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን በጎበኙ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ከሰማው በቀር በዓይኑ ያየው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሕሩን ትቶ ወደ ሻሸመኔ የመጣ ሰው አለ። እንግዲህ የሚታይ ነገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። አንድ በዱራሜ የሚማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ነው ብላችሁ አስቡ።

ምንባብ

«የአጎቴ ልጆች የተወለዱት በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ ነው። ደርባን የምትገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚውሉት በባሕር ነው። ለመስቀል ከአባታቸው ጋር ሲመጡ ታናሺቱ ገና ሻንጣዋ ሳይወርድ ‹ባሕራችሁ የት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። አጎቴ ሳቀ። እኔ ግን አፈርሁ።

በማግስቱ ከፀሐይ ጋር ተነሥተን፣ ትኩስ ቂጣ በልተን፣ ወደ ሐምበርቾ ተራራ ጉዞ ጀመርን። ከረፈደ ደመና ይሸፍነዋልና ቶሎ መድረስ ነበረብን። ወደ ጫፉ የሚያወጣው ደረጃ 777 እርከን አለው። ታናሺቱ እቆጥራለሁ ብላ ጮክ እያለች መቁጠር ጀመረች። ሁለት መቶን እንዳለፈች አንድ ሽማግሌ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ አገኘን። ቆመን መንገድ ለቀቅንላቸው። እርሳቸው ግን ሸክማቸውን አሳርፈው ‹የማን ልጆች ናችሁ?› አሉ። አጎቴ የአባቱን ስም ነገራቸው። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያም ‹አንተ ያ ከብት እያስጠፋህ የምታለቅሰው ልጅ አይደለህም?› አሉት። ልጆቹ የተነገረው ቋንቋ አልገባቸውም። አባታቸው ግን ቀልቶ ነበር። ታናሺቱ ቁጥሯን ረሳችው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ነበር። በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ ሐላባ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ብላቴ ወንዝ የሚፈስሰው በዚያ ነው። ከበታቻችን ያለው ግን እስከ ዓይን ድረስ አረንጓዴ ነው። ታላቁ ልጅ ‹ይህ ሁሉ ጫካ ነው?› አለኝ። ጫካ አይደለም፣ እንሰት ነው፤ በእንሰቱ መካከል ሁሉ ቤት አለ ብዬ መለስሁለት። ይህን ስናገር ራሴም ደነገጥሁ። እኔ የምኖረው በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ነው። ከላይ ሆኜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አያቴ ጓሮ ሄድን። አያቴ አንዱን እንሰት አስጥላ ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ስትፍቅ ደረስን። ታናሺቱ እስቲ ልሞክር ብላ ተቀመጠች፤ ከሦስት ጊዜ በኋላ ክንዷ ዛለ። አያቴ ቀጥላ ቆጮ የተቀበረበትን ጉድጓድ ከፍታ አሳየቻት። ልጅቱ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ጉድጓዱ ባይከፈት ደስ ይለኝ ነበር። አያቴ ግን አልተቀየመችም። ‹ሽታው ሲጠፋ ነው መፍራት፤ ያኔ ጉድጓዱ ባዶ ነው› አለች። ማታ ቆጮው ከክትፎ ጋር ሲቀርብ ልጅቱ ሁለተኛ ጠየቀች።

በሦስተኛው ቀን የአጆራን ፏፏቴ አየን። ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም፤ ፎቶግራፍ አንሥተናል።»

ስለ ምንባቡ የሚሰጥ ማብራሪያ

በመጀመሪያ አንድ ነገር አስተውሉ። በዚህ ምንባብ ውስጥ «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «ግሩም»፣ «ተስማሚ አየር» የሚሉ ቃላት አንድም ጊዜ አልተጻፉም። ከዚህ ጋር ደግሞ የሚከተለውን አንቀጽ አነጻጽሩ፦

«ከምባታ እጅግ ውብና ማራኪ አገር ናት። ሐምበርቾ ግሩም ድንቅ የሆነ ተራራ ነው። አየሩም ለጤና ተስማሚ ነው። ሕዝቡም እንግዳ ተቀባይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው መጥቶ ሊጎበኛት ይገባል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ሆኖም ከምባታ የሚለውን አውጥታችሁ ጎጃም፣ ሐምበርቾን አውጥታችሁ ጮቄ ብታስገቡ አንዲት ቃል ሳትፋለስ ይቀጥላል። ከጎጃምም አልፋችሁ ጃማይካ ብትሉ ያው ነው። የአንዱን አገር ስም አውጥቶ በሌላው ቢተኩት የማይናወጥ ገለጻ አንዱንም አገር አልገለጸም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ምንባብ በዚሁ መንገድ ብትፈትኑት ግን በየዐረፍተ ነገሩ ይሰናከላል፤ 777ቱ እርከን፣ የቀርከሃው መፋቂያ፣ የቆጮው ጉድጓድ ወደ ሌላ ስፍራ አብረው አይሄዱም። ለራሳችሁ ድርሰትም ይህ ፈተና ይጠቅማችኋል። ጨርሳችሁ ስታነቡት የቦታውን ስም በጣታችሁ ሸፍኑና «ይህ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቅጽል አትጠቀሙ ማለታችን አይደለም። «ትኩስ ቂጣ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ትኩስ» ቅጽል ነው፤ የነገሩን ሁኔታ ይነግረናል። «ውብ» ግን የሚነግረን የጸሐፊውን ስሜት ነው። ጸሐፊው የተሰማውን ስሜት አንባቢው እንዲሰማው ከፈለገ ስሜቱን ያመጣበትን ነገር ማቅረብ አለበት። እንግዳ የምታስጎበኙ ከሆነማ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። እንግዳው ዓይን አለው። ተራራው ፊት አቁማችሁት «ተራራው ውብ ነው» ብትሉት ምን ጨመራችሁለት? በተራራው ሥር ከብት ሲጠብቅ ያለቀሰ ልጅ እንደ ነበረ ብትነግሩት ግን ከእናንተ በቀር ማንም የማይነግረውን ነገራችሁት።

ሁለተኛው ነገር የቆጮው ጉድጓድ ነው። ተማሪው ጉድጓዱ እንዲከፈት አልፈለገም፤ ሆኖም ከድርሰቱ አልሰረዘውም። ብዙዎቻችሁ አገራችሁን ለእንግዳ ስትገልጹ የሚያሳፍር የመሰላችሁን ሁሉ ትሰውራላችሁ። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ጓሮውን በፍግ የሚያለሙት፣ የሚፍቁት፣ የሚያብላሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዚያን ጊዜው የከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ይህን የሚያህል ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ሊኖር ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ የሚሸተው ጉድጓድ ነው። ድርቅ ሲመጣ እህል ይጠፋል፤ እንሰት ግን በጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ጉድጓዱን የሰወረ ጸሐፊ ስለ አገሩ ዋናውን ነገር ሰወረ። መሬቱ ስለ ጠበበ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዳቸውም ከዚሁ ተነጥሎ የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ ከደርባን የመጡት ልጆች በአያታቸው ጓሮ እንግዳ የሆኑት ለዚህ ነውና።

ምንባቡ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። የመጨረሻውን አንቀጽ እንደገና ተመልከቱ። ተማሪው ደክሞት ይሁን ወረቀቱ አልቆበት፣ አጆራን በአንድ መስመር ሸኝቶታል። አጆራ በወላይታና በከምባታ አዋሳኝ የሚገኝ መንታ ፏፏቴ ነው፤ ሶኬና አጃንቾ የተባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል እየተወረወሩ ይወርዳሉ፤ ከታች ተገናኝተው ወደ ኦሞ ይጓዛሉ። ፎቶግራፉ ውኃው ነጭ መሆኑን ያሳያል። የሁለቱ ውኃ ድምፅ እንዴት እንደሚለያይ፣ ርጭቱ እስከ ምን ድረስ ልብስን እንደሚያርስ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመች ከባሕር ዳር የመጣች ልጅ ምን እንዳለች ፎቶግራፉ አያሳይም። ወደዚያ በሐደሮ በኩል የሄደ ሰው ደግሞ የዝንጅብል ማሳ ያጋጥመዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአጠውልግ በሽታ የብዙ ገበሬዎችን ዝንጅብል ማጥፋቱን ያስታወሰ ተማሪ ስለ መንገዱ ብቻ አንድ ገጽ ይጽፍ ነበር።

ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና ጉዞ

ጉዞን በአማርኛ ለመግለጽ ከቦዝ አንቀጽ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ቦዝ አንቀጽ ሐሳቡን ሳይቋጭ ወደሚቀጥለው ድርጊት የሚያሻግር ግሥ ነው። በምንባቡ ውስጥ «ከፀሐይ ጋር ተነሥተን፣ ትኩስ ቂጣ በልተን፣ ወደ ሐምበርቾ ተራራ ጉዞ ጀመርን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ውሰዱ። «ተነሥተን»፣ «በልተን» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። «ጀመርን» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ እየተራመደ ያለ እግር ነው ብትሉ፣ ማሰሪያ አንቀጽ መቀመጫው ድንጋይ ነው። ሰው ሳይቀመጥ ብዙ ሊራመድ አይችልም፤ ስለዚህ አራት አምስት ቦዝ አንቀጽ ከደረደራችሁ በኋላ እሰሩት። አሥር የሚደረድሩ ተማሪዎች አሉ፤ አንባቢያቸው 777ቱን እርከን ሳያርፍ የወጣ ያህል ይደክመዋል።

ቦዝ አንቀጽ በየመደቡ እንዲህ ይረባል፦ ወጥቼ፣ ወጥተህ፣ ወጥተሽ፣ ወጥቶ፣ ወጥታ፣ ወጥተን፣ ወጥታችሁ፣ ወጥተው። ለአክብሮት «እርስዎ ወጥተው»፣ «እርሳቸው ወጥተው» ይባላል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚፈጸመው ስሕተት እንለፍ። «ደረጃውን ጨርሰን የሐላባ ቆላ ታየ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ደረጃውን የጨረሱት እነማን ናቸው? «እኛ» ነን። የታየው ማን ነው? «ቆላው» ነው። ባለቤቱ ሳይነገር ስለ ተለወጠ ዐረፍተ ነገሩ ቆላው ራሱ ደረጃ የወጣ አስመሰለው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቦዙን ትቶ «ስ»ን መጠቀም ይገባል፤ «ደረጃውን ስንጨርስ የሐላባ ቆላ ታየን።» ወይም ባለቤቱን አንድ አድርጉት፤ «ደረጃውን ጨርሰን የሐላባን ቆላ አየን።» በምንባቡ ውስጥ «ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ነበር» የተባለው በዚሁ ሕግ ነው፤ የደረስነው እኛ፣ የሚወስደው ነፋሱ ነውና።

ይሁን እንጂ ሕጉ እንደ ብረት የደረቀ አይደለም። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ይባላል፤ ትክክልም ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ቢሆኑም የፊተኛው ድርጊት ለኋለኛው ምክንያት ስለሆነ ጆሮ ይቀበለዋል። ምክንያትና ውጤት በሌለበት ግን አይቀበለውም። ከተጠራጠራችሁ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ብዙውን ጊዜ ጆሯችሁ ከመጽሐፉ ይቀድማል።

አንድ ነገር ይቀራል። ቦዝ አንቀጽ አሉታ የለውም። «አልበልተን ወጣን» የሚል አማርኛ የለም፤ «ሳንበላ ወጣን» ይባላል። «ገና ሻንጣዋ ሳይወርድ» የተባለውም እንዲሁ ነው።

የሚታየው፣ የሚነገረውና የተጻፈው

አስጎብኚ የሚናገረው ሁሉ በዓይኑ ያየውን አይደለም። የሰማውንም ያነበበውንም ይናገራል። እንግዳ እንዳይሳሳት ግን የእያንዳንዱ ምንጭ በግሡ መለየት አለበት። ያያችሁትን «አለ»፣ «ይታያል» በሉ። ከአባቶች የሰማችሁትን «ይባላል»፣ «ይነገራል» በሉ። ሐምበርቾ በከምባታ ከፍተኛው ተራራ፣ ቁመቱም ከ3000 ሜትር በላይ ነው ስትሉ የተለካ ነገር መናገራችሁ ነው፤ «ይባላል» አያስፈልገውም። «ዎማ» ይባሉ ስለ ነበሩት የከምባታ ነገሥታትና ስለ ተራራው ክብር ከሽማግሌ የሰማችሁትን ስትናገሩ ግን «ይነገራል» በሉ። «ይነገራል» ማለት ነገሩን ማሳነስ አይደለም፤ የሰጣችሁን ሰው ማክበር ነው።

ተጽፎ ከሚገኘው መካከል ከዚህ ትምህርት ጋር የሚስማማ አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1613 አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ ከዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ከፍቁር እግዚእ ጋር በከምባታ አልፏል። ይሄድ የነበረው ዛሬ በኬንያ ወደምትገኘው ወደ ማሊንዲ ነው፤ የቀይ ባሕር መንገድ አስጊ ስለ ነበር በደቡብ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያወጣ መንገድ እንዲፈልግ ታዞ ነበር። በእናርያና በየም በኩል ዞሮ ከምባታ ገባ፤ ከዚያም ወደ አላባ ተሻገረ፤ የአላባው ገዥ ግን ይዞ ወደ መጣበት መለሰው። እንግዲህ ያች ከደርባን የመጣችው ልጅ «ባሕራችሁ የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሌላ እንግዳ በዚሁ አገር አልፎ ያንኑ ውቅያኖስ ሲፈልግ ነበር። ተማሪው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ባላፈረም ነበር፤ የሚመልስላት ነገር ነበረውና።

ደግሞም ቆሞ የሚታይ ምልክት የሌላቸው፣ ግን ሳይነገሩ ሊታለፉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። በከምባታ የተወለደችው ቦጋለች ገብሬ ከእኅቷ ከፍቅርተ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ ትርጓሜውም የከምባታ ሴቶች በአንድነት ቆሙ ማለት ነው። የሴት ልጅ ግርዛትንና የጠለፋ ጋብቻን ልማድ ለማስቀረት በየቀበሌው ሕዝቡን ራሱን እያወያየች ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2013 በቤልጅግ የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተሰጣት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፈች። በዱራሜ መንገድ ላይ ቦርሳ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጃገረዶችን እንግዳው ያያል። ከመንገዱ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ግን ካልነገራችሁት አያየውም።

የአነጋገር ጨዋነት

እንግዳችሁ እኩያችሁ ሲሆን «ና፣ በዚህ በኩል እንውጣ»፣ «ነይ፣ እጄን ያዢ» ማለት ይበቃል። ሽማግሌ ወይም በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሲሆን ግን «ይምጡ»፣ «ይመልከቱ»፣ «ትንሽ ይረፉ» ይባላል። ችግሩ የሚመጣው በጽሑፍ ላይ ነው። በ«እርስዎ» ጀምሮ በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር «አንተ» ውስጥ የሚገባ ተማሪ ሞልቷል፦ «አባባ፣ በዚህ በኩል ይምጡ፤ ድንጋዩን ተጠንቀቅ።» ሽማግሌው ድንጋዩን ሳይሆን እናንተን ይታዘባሉ። ምንባቡ ውስጥ ግን ሽማግሌው አጎትየውን «አንተ» ማለታቸውን አስተውሉ። ይህ ንቀት አይደለም፤ ልጅ ሆኖ ያውቁታልና በ«አንተ» መጥራታቸው ወደ ቤቱ እንደ መመለስ ይቆጠራል።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተካክላችሁ ጻፉ። የማይስተካከል ካለ ምክንያቱን አስረዱ።
1. ገበያውን አቋርጠን የሐምበርቾ ተራራ ታየ።
2. ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ደረቀ።
3. እንግዶቹ ቁርስ አልበልተው ተነሡ።
4. እትዬ፣ ይግቡ፤ እዚህ ጋ ተቀመጪ።

ለ. «ውብና ማራኪ» የሚለውን አንቀጽ ስለ ሰፈራችሁ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት። በምትክ የምታስገቡት ነገር በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ወይም በአፍንጫ የሚሸተት ይሁን። «በጣም» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅደንላችኋል።

ሐ. የምንባቡ ጸሐፊ በአንድ መስመር ያለፈውን የአጆራን አንቀጽ እናንተ ጻፉለት። አጆራን አይታችሁ የማታውቁ በአካባቢያችሁ ያለ ወንዝ ወይም ምንጭ ምረጡ፤ ያላያችሁትን ውኃ ግን እንዳያችሁ አድርጋችሁ አትጻፉ።

መ. ወላጆቻችሁን ወይም በሰፈራችሁ ያሉ አንድ አዛውንትን ስለ አንድ ስፍራ ጠይቁ። የነገሯችሁን «ይነገራል» እያላችሁ፣ እናንተ ሄዳችሁ ያያችሁትን «ይታያል» እያላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ካለ አታስታርቋቸው፤ እንዳለ አስቀምጡት።

ሠ. የአጎቱ ልጅ በሚመጣው ዓመት ለመስቀል፣ በከምባትኛ ለ«መሳላ»፣ ተመልሳ እንደምትመጣ ለተማሪው ጽፋለታለች። የመጀመሪያውን ቀን ከአያቱ ጓሮ ሳይወጡ ሊያውሉ ነው። ከማለዳ እስከ ማታ የሚያሳያትን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ቦዝ አንቀጾቻችሁን በአንድ መስመር፣ ማሰሪያ አንቀጾቻችሁን በሁለት መስመር አስምሩባቸው።